ኮማንደሩ የሌለበት መጽሐፍ

የወንድሜ አርባ በወጣ በማግስቱ አሳታሚው ከአዲስ አበባ ደወለልኝ። ካጽናናኝ በኋላ የመጨረሻው መጽሐፍ አልቆ እንደሆነ ጠየቀኝ። አልቋል አልኩት። ደስ እንዳለው ከድምፁ ያስታውቅ ነበር። ቀጥሎ ኮማንደሩ በዚህኛው ላይ ምን እንደገጠመው ጠየቀኝ። ኮማንደሩ የለበትም አልኩት። እንደ ልማዱ ኔትወርኩ የቆራረጠው መስሎት ድገሚልኝ አለኝ። ደገምኩለት።

ወንድሜ የወንጀል ልቦለድ ጸሐፊ ነበር። የእሱን ስም የማያስታውስ አንባቢ እንኳ ኮማንደሩን ያውቀዋል። ቡናማ የቆዳ ጃኬት የሚለብስ፣ ሰው ሲዋሸው ጣራ ጣራውን የሚያይ፣ በየመጽሐፉ መጨረሻ ተጠርጣሪዎቹን አንድ ክፍል ውስጥ ሰብስቦ ገዳዩን በጣቱ የሚያሳይ መርማሪ ነው። ወንድሜ አዲስ መጽሐፍ ባወጣ ቁጥር አንድ ቅጂ ይልክልኝ ነበር። እኔ መካነ ሰላም ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ጥቂት ገጾች አንብቤ መጽሐፉን ለመምህራን አውሰው ነበር፤ እነሱ እየተሻሙ ይጨርሱታል። በሆቴል አሳንሰር ውስጥ ስለተገደለ ባለሀብት ማንበብ አይስበኝም። እሱም ያውቃል፤ ተቀይሞኝ አያውቅም።

ጉበቱን ታሞ ሐኪሞቹ ከዚህ በላይ የምናደርግልህ የለም ሲሉት እኔ ቤት ልምጣ አለኝ። ከሚስቱ ከተለያየ ቆይቷል፤ ልጅ አልነበረውም። መጥቼ ልውሰድህ ብለው እምቢ ብሎ አንዲት ሻንጣና ላፕቶፑን ይዞ ከደሴ በሚመጣው መኪና ደረሰ። መንገዱ ስላንገላታው ለቀናት አልጋ ላይ ዋለ። ከዚያ ተነሳ። ፊቱ ቢጫ ሆኖ፣ እግሩ አብጦ፣ ግን ተነሳ።

ለማረፍ የመጣ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን ጠዋት ጠዋት ባጃጅ እየተኮናተረ ከከተማው ወጣ ብሎ አንድ ሽማግሌ ሼህ ዘንድ መሄድ ጀመረ። ሼሁ ልጆችን ቁርኣን የሚያስቀሩ፣ በአካባቢው ሰው ሲገዳደል ደግሞ ሁለቱን ወገን ለማስታረቅ የሚጠሩ ሰው ናቸው። እንዲህ ያለውን እርቅ እኛ አገር ደም ማድረቅ ይሉታል። ገዳዩ በመንግሥት ፍርድ ቢታሰርም እስሩን ጨርሶ ሲወጣ የሟች ወገን እንዳይበቀለው ሽማግሌዎች መሀል ይገባሉ፤ ጉማ የሚባለው የደም ካሳ ይከፈላል፣ መሐላ ይፈጸማል። ሟቹም ገዳዩም ክርስቲያን ሆነው እንኳ ሼሁ ከቄሱ ጋር አብረው ይቀመጣሉ። ወንድሜ እዚያ እየሄደ ጥግ ይዞ ሲያዳምጥ ያረፍድና ከሰዓት በኋላ ቤት ተመልሶ፣ ላፕቶፑን ትቶ በደብተር ይጽፋል። ሕመሙ ሲበረታበት ትራስ አስደግፌው ይጽፋል። ተው እረፍ ስለው "ስጨርስ አርፋለሁ" ይለኛል።

ጨረሰ። የመጨረሻዋን ገጽ በጻፈ በሳምንቱ አካባቢ፣ አጠገቡ ተቀምጬ ብርቱካን ስልጥለት፣ እንዲህ አለኝ፦

"ኮማንደሩ የለበትም። አስገቡት ይሉሻል። እሺ እንዳትዪ።"

እሺ አልልም አልኩት። ሌላ ኑዛዜ አልነበረውም።

ያነበብኩት ከቀብሩ በኋላ፣ ለቀስተኛው ሄዶ ቤቱ ጭር ሲል ነው። ታሪኩ እኛን አገር በመሰለ ደጋ ላይ ይጀምራል። ሁለት ጎረቤታሞች በእርሻ ድንበር ተጣልተው አንደኛው ሌላውን በዱላ መትቶ ይገድላል። ገዳዩ ማን እንደሆነ በመጀመሪያው ገጽ ይታወቃል፤ ተይዞ ተፈርዶበት ይታሰራል። ልብ የሚያንጠለጥለው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ሰውየው እስሩን ጨርሶ ወደ ቀዬው ሲመለስ የሟች ወንድም ይጠብቀዋል። ሽማግሌዎቹ ከዚህ ቤት ወደዚያ ቤት ይመላለሳሉ። አንባቢው እየፈራ ገጽ የሚገልጠው ገና ላልተፈጸመ ግድያ ነው። አንብቤ ስጨርስ ለወንድሜ ከቀብሩ ቀን ይበልጥ አለቀስኩለት። እንዲህ መጻፍ እንደሚችል አላውቅም ነበር።

ለዚህ ነው አሳታሚው ደጋግሞ ሲደውል አቋሜን ያልቀየርኩት። ክረምት ላይ ትምህርት ሲዘጋ፣ መንገዱ ክፍት መሆኑን አጣርቼ አዲስ አበባ ሄድኩ። በፍርድ ቤት ያወጣሁትን የወራሽነት ማስረጃም ቦርሳዬ ውስጥ ያዝኩ። አሳታሚው ክፉ ሰው አይደለም። ወንድሜ በታመመ ጊዜ ሳይሰለች እየደወለ ይጠይቀው ነበር። ቢሮው አስገብቶ ሻይ አዘዘልኝና ያሰበውን በትሕትና አስረዳኝ። አንድ ጎበዝ ወጣት ጸሐፊ አለ፤ የወንድሜን አጻጻፍ አጥንቷል። ኮማንደሩ እረፍት ወጥቶ ዘመድ ሊጠይቅ ወሎ ይመጣል።

"ሦስት ምዕራፍ ብቻ ነው የሚጨመረው" አለኝ።

"መጥቶ ምን ያደርጋል?"

"ይመረምራላ።"

"ገዳዩ ከመጀመሪያው ገጽ ይታወቃል። ምኑን ነው የሚመረምረው?"

ይህን አላሰበበትም ነበር። ሆኖም ተስፋ አልቆረጠም፤ አንባቢው ለዓመታት የለመደውን ሰው ከጠበቀ በኋላ ሲያጣው እንደሚቆጣ፣ የወንድሜም ስም እንደሚጎዳ ነገረኝ። ስሙ የሚጎዳው ያልጻፈው ነገር ሲወጣበት ነው አልኩት። እንዳለ የማያትመው ከሆነ ጽሑፉን ይዤ እንደምመለስ ነግሬው ተነሳሁ። ሻይሽን እንኳ ጠጪ አለኝ። ጠጥቼ ወጣሁ።

አገሬ ከገባሁ በኋላ ደወለ። እንደገና አንብቤው እንቅልፍ ነሳኝ፣ አትመዋለሁ አለኝ። ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም፤ የሽፋኑን ሥዕል በቴሌግራም ላከልኝ። የቆዳ ጃኬት የለበሰ ሰው ሽጉጥ ይዞ ተራራ ላይ ቆሟል። መጽሐፉ ውስጥ አንድም ሽጉጥ የለም፣ ጃኬቱንም አውቀዋለሁ ብዬ መለስኩለት። ሽፋን እኮ መሸጫ ነው አለኝ። ሰውን አታሎ መሸጫ አይደለም አልኩት። ስንጨቃጨቅ ሰነበትን። በመጨረሻ የታረሰ መሬትና በመሀሉ የሚያልፍ ወሰን ብቻ ያለበት ሽፋን ተሠራ። ይሄ የግብርና መጽሐፍ ይመስላል ብሎ ቢያሾፍብኝም አተመው።

አሳታሚው እንደፈራው አንባቢው ተቆጣ። ወንድሜን የሚወዱ ሰዎች የከፈቱት የቴሌግራም ቡድን ውስጥ አንዲት የሥራ ባልደረባዬ አስገባችኝና የሚጻፈውን አነብ ጀመር። አንዱ እስከ መጨረሻው ገጽ ድረስ ኮማንደሩ ይመጣል እያለ እንደጠበቀ ይጽፋል። ሌላው ገዳዩን መጀመሪያ ላይ መናገር አንባቢን መናቅ ነው ይላል። በሬዲዮ ስለ መጻሕፍት የሚያወራ ሰው ግን ከሥራዎቹ ሁሉ ይኼ ይበልጣል አለ፤ በዚህም ተሰደበ። ይህን ሁሉ እችለዋለሁ። ያቃጠለኝ ቀጥሎ የመጣው ነው፤ መጽሐፉ የእሱ አይደለም፣ እህቱ ናት የጻፈችው ተባለ። ማስረጃቸው ቋንቋው ነበር። እሱ የሚጽፈው የከተማ አማርኛ ነው፣ ይሄ ግን የወሎ ሰው አማርኛ ነው ይላሉ። ወንድሜ የት የተወለደ መስሏቸው ይሆን?

አሳታሚው የእጅ ጽሑፎቹን ፎቶ አንስተን እናውጣና አፋቸውን እናዘጋ አለኝ። አልፈለግሁም። ታሞ ትራስ ተደግፎ የጻፋቸው ገጾች ለሙግት ሲወጡ ማየት ከበደኝ። በዚያው ሰሞን አዲስ አበባ በአንድ አዳራሽ በመጽሐፉ ላይ ውይይት እንደሚደረግ ሰማሁ። ከተማሪዎቼ በስተቀር በሰው ፊት ቆሜ ተናግሬ አላውቅም። ቢሆንም ከርእሰ መምህሩ ፈቃድ ጠይቄ ሄድኩ።

አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ብዙዎቹ ወጣቶች ናቸው። የመጀመሪያዎቹ ተናጋሪዎች ስለ ታሪኩ አወቃቀር አወሩ። ከዚያ ከኋላ ወንበር አንድ ጎልማሳ ተነስቶ ጥያቄው ለእኔ እንደሆነ ተናገረ።

"ኮማንደሩን ማን ገደለው?"

አዳራሹ ሳቀ። ማይክ ሰጡኝ።

"ማንም አልገደለውም። ወንድሜ ሊሞት አገሩ ሲገባ እዚሁ ትቶት ነው የመጣው።"

ቀጥዬ እሱ እንዴት እንደጻፈው ነገርኳቸው፤ ስለ ባጃጁ፣ ስለ ሽማግሌዎቹ፣ ስለ ትራሱ። እኔ ብጽፈው ኖሮ ስሜን አኑሬ አወጣው ነበር እንጂ በሞተ ሰው ስም የምደበቅበት ምክንያት የለኝም አልኩ። ውይይቱ ሲያልቅ ጎልማሳው ወደ እኔ መጥቶ ይቅርታ ጠየቀኝ፤ አሁንም ግን ኮማንደሩ እንደናፈቀው ሳይደብቅ ነገረኝ። ወደድኩት። እህቱ ናት የጻፈችው የሚለው ወሬ ቀስ በቀስ በረደ። ስለ መጽሐፉ ያለው ጭቅጭቅ እስካሁን አለ፤ ይኑር።

እኛ ጋ የደረሰው ዘግይቶ ነው። መንገድ ተዘግቶ ካርቶኖቹ ደሴ ሰነበቱ። ሲመጡ ግማሹን ለከተማችን ጽሕፈት መሣሪያ መደብር ሰጠሁ፤ ወደ ወረኢሉና ደጎሎም በሚያልፉ ሹፌሮች እጅ ላክሁ። አገሬው የተቀበለበት መንገድ የተለየ ነበር። ኮማንደሩን የጠየቀኝ ሰው የለም። በፍርድ ቤቱ ግቢ ጉዳያቸው እስኪጠራ የሚጠብቁ ሰዎች አንዱ እያነበበ ሌሎቹ ሲያዳምጡ አይቻለሁ። ሰው የሚጠይቀኝ ሁለቱ ጎረቤታሞች የየትኛው ቀበሌ ሰዎች እንደሆኑ ነበር። ልቦለድ ነው ስላቸው አይዋጥላቸውም። አንድ ገበሬማ ወሰኑ በመጽሐፉ ላይ በተሳሳተ በኩል እንደተሰመረ ሊያስረዳኝ ሞከረ።

ለሼሁ ልጃቸው አነበበችላቸው። ሲጨርሱ አስጠሩኝ። ወንድሜ ይቀመጥባት በነበረችው አግዳሚ ላይ አስቀመጡኝ።

"አብሽሪ ልጄ" አሉኝ። "ጥግ ይዞ ሲቀመጥ ሕመሙን የሚያዳምጥ ይመስለኝ ነበር። ለካ እኛን ነው የሚያዳምጠው። አላህ ይዘንለት።"

ከዚህ በላይ የሚያስደስተኝ አንባቢ አይመጣም ብዬ ተመለስኩ።

አንድ የገበያ ቀን ከሰዓት በኋላ በሬ ተንኳኳ። በእኔ ዕድሜ የምትሆን ጥቁር ሻሽ ያሰረች ሴት መጽሐፉን በላስቲክ ጠቅልላ ቆማለች። በርበሬና ነጭ ሽንኩርት ስትሸጥ ገበያ ውስጥ አውቃታለሁ፤ ስሟን ግን አላውቅም ነበር። ስትገባ ለወንድሜ ነፍስ ይማር አለች። ከዚያ እስከ ስምንተኛ ክፍል እንደተማረችና መጽሐፉን ራሷ እንዳነበበችው ነገረችኝ።

"ወንድምዎ እውነት ነው የጻፉት" አለች። "አንድ ነገር ግን አስቀርተዋል። የሟች ሚስት የት ሄደች?"

አለች እንጂ አልኳት። ደሙ በሚደርቅበት ቀን ነጠላዋን ተከናንባ ከደጃፉ ቆማለች የሚል አለ።

"እሱን አንብቤዋለሁ። አንድ መስመር ነው። እኔ ደግሞ ደጃፍ ላይም አልቆምኩም፤ ጓዳ ነበርኩ።"

ከዚያ የራሷን ነገረችኝ። ባሏ የተገደለው ልጆቿ ትንንሽ ሳሉ ነው። ገዳዩ ከእስር ሲወጣ ሽማግሌ ገባ፤ የባሏ ወንድሞች ተለመኑ፣ እሺ አሉ፣ ታረቁ። እርቁ የተፈጸመው እሷ ቤት ደጅ ነው። ለሽማግሌዎቹ ምግብ የሠራችው እሷ ናት።

"ደሙ ደረቀ ሲሉ በግድግዳው በኩል ሰማሁ። ታረቂ ቢሉኝ እታረቅ ነበር። የጠየቀኝ የለም እንጂ።"

በዚህ መጽሐፍ ላይ አንድ ቃል እንዳይነካ ከሰው ጋር ስጣላ የከረምኩ ሰው ነኝ። ወንድሜ ሞቷል፣ አሁን ማስተካከል አይቻልም አልኳት። እሷ እንዳልተከፋች አየሁ።

"እሳቸው ባይኖሩም እርስዎ አሉ" አለችኝ። "ይሰርዙ አላልኩም። እኔ የምለውን ይጻፉልኝ ነው የምለው።"

ከሄደች በኋላ መጽሐፉን አውጥቼ ያቺን አንዲት መስመር ፈልጌ አነበብኩ። ወንድሜ የሰማውን ነው የጻፈው። የሰማው ደግሞ በሽማግሌዎቹ መሀል ተቀምጦ ነው፤ ጓዳ የገባበት ጊዜ የለም። የገባሁለትን ቃል አሰብኩ። ኮማንደሩ አይገባም ነበር ቃሉ። ይህች ሴት አትግባ አላለኝም። በሚቀጥለው የገበያ ቀን ሄጄ እንደምጽፍላት ነገርኳት።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ እየመጣች እሷ ትናገራለች፣ እኔ እጽፋለሁ። ቀላል አልነበረም። እኔ የማሳመር ልማድ አለብኝ፤ እሷ ደግሞ አትፈቅድልኝም። አንድ ቦታ ላይ በጓዳ ውስጥ እያለቀስች ሽማግሌዎቹን ታዳምጥ ነበር ብዬ ጽፌ ሳነብላት አስቆመችኝ። "አላለቀስኩም። ወጡ እንዳያርብኝ እያማሰልኩ ነበር" አለች። እንዳለችው አረምኩት። ስሟም፣ የባሏም ስም፣ ቀበሌውም እንዳይጠቀስ ፈለገች። ከባሏ ወንድሞች ጋር ሌላ ጠብ አትፈልግም።

አሳታሚው የመጀመሪያው ዕትም እያለቀ መሆኑን ሲነግረኝ ለሁለተኛው የሚጨመር አለ አልኩት። ሳቀብኝ። አንዲት ነጠላ ሰረዝ እንዳትነካ ያለችው ሴት ናት ወይ አለኝ። የወንድሜ ጽሑፍ አሁንም አይነካም፤ ይኼ በመጨረሻ ለብቻው፣ ከአንዲት አንባቢ የመጣ መሆኑ ተጽፎበት ይገባል አልኩት። ላክሁለት። በማግስቱ እሺ አለ።

ከመታተሙ በፊት ለሼሁ ሄጄ አነበብኩላቸው። የእሳቸው ሥራ የተነካ ስለመሰለኝ ከሌላ ሰው እንዲሰሙት አልፈለግሁም። ጢማቸውን ይዘው እስከ መጨረሻው ሰሙኝ። አልወደዱትም። ሴቲቱ በዚያ ቀን ብትናገር ኖሮ የወንዶቹ ልብ ይሻክር፣ እርቁም ይፈርስ ነበር አሉ። ሰው ከሚሞት አንድ ሰው ዝም ቢል ይሻላል አሉኝ። ይህን ለሴትዮዋ ስነግራት "ይፈርስ ይሆናል" አለች። "እሳቸው ካሉ እውነት ይሆናል። ቢሆንም ይታተም።" ሁለቱም የሚያውቁትን ነው የሚናገሩት፤ እኔ መሀላቸው ገብቼ የምፈርደው ነገር አልነበረኝም። አሳተምኩት።

ሁለተኛው ዕትም የደረሰን የገብስ ውቂያ ላይ ነው። በቴሌግራሙ ቡድን አዲስ ክርክር ተነሳ፤ አንዳንዱ የመጨረሻዎቹ ገጾች የደራሲውን ሥራ አበላሹት ሲል፣ አንዳንዱ ከእነሱ ጀምሮ እንዳነበበ ይጽፋል። በትምህርት ቤታችን የታሪክ መምህሩ የገዛውን መጽሐፍ ለእናቱ እንደላከ ነገረኝ። ሼሁ ካገኙኝ እንደ ድሮው ዱዓ ያደርጉልኛል፤ ስለ ገጾቹ አንስተው አያውቁም።

ለሴትዮዋ ጥቂት ቅጂዎች ወሰድኩላት። አንዱን ለልጇ፣ አንዱን ለእህቷ እሰጣለሁ አለችኝ። ከሳምንታት በኋላ ገበያ ላይ ሳገኛት መዘነችልኝና በርበሬውን እያሰረች አንዱን ቅጂ ለማን እንደሰጠች ነገረችኝ። ባሏን የገደለው ሰው ከእነሱ ቀበሌ ማዶ ይኖራል። ከእርቁ ወዲህ መንገድ ላይ ሲያያት አንገቱን ደፍቶ ያልፋል፤ እሷም አትጠራውም። በዚያ ሰሞን ግን ቤቱ ድረስ ሄደች። እሱ ደጁ ላይ አጥር ያጥር ነበር።

"ምን አሉት?" አልኳት።

"ያንብቡት፣ መጨረሻው ላይ ያለሁት እኔ ነኝ አልኩት።"

"እሱስ?"

"እጁን በልብሱ ጠረገና ተቀበለኝ። ማንበብ እንደሚችል አላውቅም። የምታነብለት ልጅ አለችው።"

ሌላ ገዢ መጣና ወደ እሱ ዞረች። እኔም በርበሬዬን ይዤ ወደ ቤቴ ሄድኩ።